የፒኤችፒ አሬይ ቁልፎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፒኤችፒ (ድረ ገጽ በሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ) የሚሠራ ሰው አሬይ፣ ማለትም እያንዳንዱ ነገር በራሱ ቁልፍ የሚቀመጥበትን የዳታ ስብስብ፣ ሳይነካ አይውልም። ስለ ቁልፎቹ ብዙዎች የሚያምኑት ነገር ግን ልክ አይደለም። ክፋቱ ደግሞ ኤረር እንኳ ሳይወጣ ዳታ መጥፋቱ ነው።

«የሰጠሁት ቁልፍ እንደሰጠሁት ይቀመጣል።»
አይቀመጥም። ቁልፍ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ወይም ስትሪንግ (ጽሑፍ)። ሌሎቹን ቀላል ዓይነቶች ፒኤችፒ ራሱ ይቀይራቸዋል። ትሩ (እውነት) 1፣ ፎልስ (ሐሰት) 0፣ ነል (ምንም) ባዶ ስትሪንግ ይሆናል። 1.5 ነጥቡን ጥሎ 1 ይሆናል፤ ከፒኤችፒ ቨርዥን 8.1 ጀምሮ ግን ማስጠንቀቂያ አለው። ስለዚህ 1ን፣ «1»ን፣ 1.5ን እና ትሩን ቁልፍ አድርጋችሁ አራት ነገር ብታስገቡ የሚተርፈው አንድ ነው፤ መጨረሻ የገባው።

«ጥቅስ ውስጥ ካስገባሁት ስትሪንግ ነው።»
ጉድ የሚሠራው ይሄኛው ነው። «8» ኢንቲጀር ይሆናል፣ «08» ግን ዜሮ ስለሚቀድመው ስትሪንግ ሆኖ ይቀራል። አሁን የደንበኞችን ስልክ ቁልፍ አድርጋችኋል እንበል። በ09 የሚጀምሩት ስትሪንግ ናቸው። በ+251 የሚጀምሩትም በመደመር ምልክቱ ምክንያት እንደዚያው። ያለ ምልክቱ በ251 የሚጀምሩት ግን በ64 ቢት ማሽን ላይ ኢንቲጀር ይሆናሉ። ከዚያ ሁለት እንዲህ ያሉ አሬዮችን በአሬይ መርጅ (array_merge) ስታዋህዱ ኢንቲጀር ቁልፎች ከ0 ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራሉ፤ የ251ዎቹ ስልክ ጠፍቶ 0፣ 1፣ 2 ሲሆን ሌሎቹ ምንም አይነካቸውም፣ ለዚያም ነው ችግሩ ግማሹ ደንበኛ ላይ ብቻ ታይቶ ሰው የሚያደናግረው። አሬዮቹን በመደመር ምልክት (+) ብታዋህዱ ቁልፎቹ ይጠበቃሉ፤ አንድ ቁልፍ ሁለቱም ጋ ካለ የግራው ይቀራል። እኔ ግን ከቁጥሩ ፊት አንድ ፊደል ማስገባቱን እመርጣለሁ፤ ያኔ መቼም ኢንቲጀር አይሆንም።

«አንዱን በአንሴት (unset) ሳጠፋ የቀሩት ይጠጋጋሉ።»
አይጠጋጉም። 0፣ 1፣ 2 ካሉ 2ን አጥፍታችሁ አዲስ ብትጨምሩ እንኳ 3 ላይ ነው የሚቀመጠው።

«አሬይ ፊልተር (array_filter፣ የማይፈለገውን የሚያጣራው) ንጹህ ዝርዝር ይመልሳል።»
ቁልፎቹን እንዳሉ ይተዋቸዋል። መሀል ላይ ክፍተት ካለ ወደ ጄሰን (ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት ቅርጽ) ስትቀይሩት ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ ኦብጀክት ይሆናል፣ ዝርዝር የሚጠብቀው የሞባይል አፕም ይበላሻል። ከመላካችሁ በፊት ቁልፎቹን ከ0 ጀምሮ እንደ አዲስ በሚቆጥረው በአሬይ ቫሊውስ (array_values) አሳልፉት።

«ከኔጌቲቭ ቁልፍ በኋላ ምንጊዜም 0 ይመጣል።»
ድሮ ነበር። ባዶ አሬይ ላይ -5 አስገብታችሁ ያለ ቁልፍ ስትጨምሩ ከ8.3 ጀምሮ የሚመጣው -4 ነው። ቨርዥን ከመቀየራችሁ በፊት እንዲህ ያለ ኮድ ካላችሁ ፈትሹት።