«ጊታር መላጥ እንደ በር መላጥ ነው» እና ሌሎች የሰማኋቸው ነገሮች

ድሬ ላይ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዝተህ ቀለሙን ልቀይር ካልክ መካሪ አታጣም። አናጢው እንደ በር ያየዋል፣ ጋራዥ ያለው ልጅ ደግሞ እንደ ባጃጅ። እኔ የሁለቱንም ሰምቼ ነው የገባሁበት።

«በብርጭቆ ወረቀት በአንድ ከሰዓት ይለቃል።»

አይለቅም! የፋብሪካ ጊታሮች አብዛኞቹ ፖሊስተር ወይም ፖሊዩሬቴን ነው የሚለበሱት። ወፍራምና ደረቅ ፕላስቲክ በለው። ታዋቂው ጊታር ሠሪ ፌንደር ራሱ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ፖሊስተር ዞሯል። ሁለት ቀን ሙሉ በ80 ቁጥር ወረቀት ስፈገፍግ ክንዴ ዛለ፣ ጊታሩን ግን ምንም አልመሰለውም። መፍትሔው ሙቀት ነው። ሂት ጋኑን (ትኩስ አየር የሚነፋውን መሣሪያ) አንድ ቦታ ሳታቆም እያንቀሳቀስክ ታሞቃለህ፣ ቀለሙ ሲለሰልስ ስፓቱላውን ከጠርዝ አስገብተህ ቀስ እያልክ ትገፋለህ፣ ያኔ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሰፋ ሰፋ እያለ ይነሳል። ካበዛኸው ግን እንጨቱ ይጠቁራል፣ ሙጫውም ሊለቅ ይችላል። ሽታው አይጣል ነው፣ ውጭ ሥራው።

ከዚያ በፊት ፒካፑን (የክሩን ንዝረት የሚይዘውን ማግኔት ያለበት ዕቃ)፣ ብሪጁን (ገላው ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ብረት)፣ ሽቦውን በሙሉ አውጣ። ሳትነቅል በስልክህ ፎቶ አንሳ። ብሪጁ ሥር የምትገባ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፣ እሷን ረስተህ ከገጠምከው አምፕሊፋየሩ እንደ ንብ ቀፎ ይጮህብሃል። አንገቱ የሚገባበትን ጉድጓድ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አትንካው፣ ከሰፋ አንገቱ ይላላል።

«አሴቶን ሁሉንም ያሟሟል።»

ናይትሮ (የድሮው የላከር ቀለም) ከሆነ አዎ፣ ፖሊስተር ከሆነ ላብህ ነው የሚቀረው። ፒክጋርዱ (ገላው ላይ የሚታሰረው ስስ ሽፋን) ሥር በማይታይ ቦታ በጥጥ ነካ አድርገህ ሞክር። ከተጣበቀና ከለሰለሰ ናይትሮ ሳይሆን አይቀርም።

«ከሥሩ የሚያምር እንጨት አለ።»

እኔም ጓጉቼ ነበር። የወጣልኝ ግን ሦስት ቦታ የተገጣጠመ፣ ስቱኮ የተሞላ፣ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው ፖፕላር የሚባል እንጨት ነው። ፋብሪካው ቆንጆውን እንጨት እንጨቱ እንዲታይ ለሚሠራው ጊታር ነው የሚያስቀምጠው፣ ቀለም ለሚደፈንበት ማን ይጨነቃል? ቫርኒሽ ብቻ ልቀባ ነው ብለህ ከሆነ ከአሁኑ ሌላ ቀለም አስብ።

«ቀለሙ ሲነሳ እንጨቱ ይተነፍሳል፣ ድምፁም ይከፈታል።»

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ በዋናነት ክሩ ከፒካፑ ማግኔት በላይ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣ ነው። ድምፅ ፈልገህ ከሆነ ክር ቀይር፣ ይረክሳል።

«የድሬ ፀሐይ እያለች ምን ችግር አለ፣ ቶሎ ይደርቃል።»

ይቺ ናት ጉድ የሠራችኝ። ቀትር ላይ ግቢ ውስጥ የናይትሮ ስፕሬይ ነፋሁ። ሙቀቱ ሲበረታ ቀለሙ ጊታሩ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቅና እንደ ዱቄት ይለጠፋል፣ በእጄ ስዳስሰው ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። ነፋሱ ደግሞ አቧራውን በነፃ ጨመረልኝ። ሐረር ያለ ጓደኛዬ በዚያ ብርድ ተረጋግቶ ቀባ፣ የሱ ለስላሳ ወጣ። እኔ ሁለተኛውን ዙር ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ስስ ስስ አድርጌ ደራርቤ ነው ያዳንኩት። ጋራዥ ወስጄ በክሊር (ቀለም አልባው የላይ ሽፋን) ላስነፋው ካልክም ይቻላል፣ ግን ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበት ክሊር አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለበት፣ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ተራ የአቧራ ማስክም አያስጥለውም።

«በእጅ ሲነካ ካልተጣበቀ ደርቋል።»

ላዩ ነው የደረቀው። ናይትሮ ውስጡ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈልጋል። እኔ በአራተኛው ቀን ፎጣ ላይ በጀርባው አስተኝቼው ብሪጁን ልገጥም ተቀመጥኩ። ሳነሳው ፎጣው አብሮ ተነሳ። እስካሁን ጀርባው ላይ የፎጣው ሽመና አንድ በአንድ ይቆጠራል።