የቤት ጃኩዚ ውሃ ማከሚያ አመራረጥ

በአማርኛ «ጃኩዚ» የምንለው፣ ሙቅ ውሃ ከአየር ጋር እየገፋ የሚያፍለቀልቀው ገንዳ፣ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ፍሪዩሊ ወደ ካሊፎርኒያ ከፈለሱ ወንድማማቾች ነው። የጃኩዚ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1915 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) በበርክሊ ድርጅት ሲከፍቱ ሥራቸው የአውሮፕላን ፕሮፔለር ነበር፤ ወደ ውሃ ፓምፕ የዞሩት በኋላ ነው። ከእነሱ አንዱ ካንዲዶ፣ ልጁ ኬኔት በሕፃንነቱ በመገጣጠሚያ ብግነት ሲታመምበት፣ በሆስፒታል የሚያገኘውን የውሃ ሕክምና ቤቱ ሆኖ እንዲያገኝ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ሠራለት። ፓምፑ በ1956 ጄ-300 ተብሎ ለገበያ ቀረበ። በ1968 ደግሞ ሮይ ጃኩዚ ፓምፑንና ገንዳውን አንድ አካል አድርጎ አወጣው።

እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ገንዳዎች ከእያንዳንዱ መታጠብ በኋላ የሚደፉ ስለነበሩ የውሃ ማከሚያ ጥያቄ አላስነሱም። ጥያቄው የመጣው ውሃውን ሳይደፉ፣ እያሞቁና እያጣሩ ለወራት የሚያቆዩት የጓሮ ገንዳዎች በአሜሪካ ሲስፋፉ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ለእኛ ፍል ውሃን ማስታወስ ይበቃል። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ምንጭ አጠገብ ነው፤ ከፍል ውሃ እስከ ሶደሬና ወንዶ ገነት ድረስ ያለው የመታጠብ ባህላችንም የቆመው በሚፈስ ውሃ ላይ ነው። ምንጩ ይመጣል፣ ሰውን ያጥባል፣ ይሄዳል። የጓሮ ጃኩዚ ግን የትናንቱን ላብ፣ ቅባትና ሳሙና ይዞ ነገን ይጠብቃል።

መጠኑም ነገሩን ያከብደዋል። የተለመደ የቤት ጃኩዚ ከ1,000 እስከ 2,000 ሊትር ይይዛል። አራት ሰው 1,500 ሊትር ውስጥ ሲገባ፣ 75,000 ሊትር በሚይዝ የቤት መዋኛ ውስጥ 200 ሰው እንደ ገባ ይቆጠራል። በዚህ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። የገንዳው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፍ የለበትም፤ ከ25 እስከ 45 ያለው ሙቀት ግን ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ የሚራባበት ነው።

ስለ ሌጂዮኔላ የተጻፈው ብዙ ነው። የሚያመጣው የሳንባ በሽታ ስሙን ያገኘው በ1976 በፊላደልፊያ ሆቴል ከተሰበሰቡ የአሜሪካ ሌጂዮን (የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር) አባላት ሲሆን በዚያ ወረርሽኝ 34 ሰዎች ሞተዋል። ባክቴሪያውን የለዩት በአትላንታ የሚገኘው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በአጭሩ ሲዲሲ፣ ተመራማሪዎች ናቸው። የፊላደልፊያው ከጃኩዚ ጋር የተያያዘ አልነበረም። የሚያያዘው በፌብሩዋሪ 1999 በኔዘርላንድስ ቦቨንካርስፔል ከተማ በአበባ ትርኢት ላይ የደረሰው ነው። ለሽያጭ ማሳያ የተሞላ ገንዳ ማንም ሳይታጠብበት ይፍለቀለቅ ነበር። ሰው የማይገባበት ነው ተብሎ ክሎሪን አልተጨመረበትም። በአጠገቡ ያለፉ ጎብኚዎች ጠብታውን ተነፈሱ፤ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች በሳንባ ምች ታመሙ፤ የሟቾቹ ቁጥር 32 እንደ ደረሰ ይነገራል። ከሃያ ዓመት በኋላ በሴፕቴምበር 2019፣ በሰሜን ካሮላይና ፍሌቸር በተካሄደ ትርኢት ተመሳሳይ ነገር ደረሰ፤ ከ130 በላይ ሰዎች ታመው 4 ሞቱ። መርማሪዎቹ የታመሙት በጃኩዚ ማሳያዎቹ በኩል የማለፋቸው ዕድል ካልታመሙት የበለጠ መሆኑን አገኙ። ውሃው ሰው ባይነካውም በሚረጨው ጠብታ ይነካል። ማከሚያ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው «ውሃው ውስጥ ቆይቶ ዘብ የሚቆመው የትኛው ነው?» ከሚለው ነው። መልሱ ሁለት ብቻ ነው፦ ክሎሪን ወይም ብሮሚን። ሌላው ሁሉ ረዳት ነው። ሲዲሲ ለጃኩዚ ያስቀመጠው መጠን በሊትር ቢያንስ 3 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን፣ ወይም ከ4 እስከ 8 ሚሊግራም ብሮሚን ነው፤ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.0 እስከ 7.8።

ክሎሪን ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በረኪና ክሎሪን ነው፤ ለመጠጥ ውሃ የምናውቀው ውሃ አጋርም እንዲሁ። በአሜሪካ ለጃኩዚ የሚሸጠው የተለመደው ዱቄት ዳይክሎር ይባላል፤ ውሃ ማከሚያው አኳታብስ ከተሠራበት ንጥረ ነገር ጋር አንድ ነው። ዳይክሎር በቀላሉ ይሟሟል፣ ፒኤቹንም እምብዛም አያናጋም። ችግሩ አብሮት የሚገባው ሳያኑሪክ አሲድ ነው። 10 ሚሊግራም ክሎሪን በገባ ቁጥር 9 ሚሊግራም ያህል ሳያኑሪክ አሲድ ይቀራል፤ ክሎሪኑ ሲያልቅ እሱ አያልቅም። እየተከማቸ በሄደ መጠን ክሎሪኑን ይይዘውና ግድያውን ያዘገየዋል። ሲዲሲ በጃኩዚ ውስጥ ሳያኑሪክ አሲድ ያለበት ክሎሪን እንዳይጨመር ይመክራል፤ ሻጮች ግን የሚያቀርቡት በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች መካከለኛ መንገድ ይይዛሉ፦ ውሃው አዲስ ሲሞላ ለጥቂት ቀናት ዳይክሎር፣ ሳያኑሪክ አሲዱ በሊትር 30 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ ሽታና ማወፈሪያ ወደሌለው ተራ በረኪና መሻገር። ርካሽም፣ ንጹሕም መንገድ ይህ ነው። ለመዋኛ የሚሸጠው የትራይክሎር እንክብል ግን ለጃኩዚ አይሆንም፤ አሲድነቱ ማሞቂያውንና የገንዳውን ገላ ይበላል።

የክሎሪን ጉልበት በፒኤች ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ7.2 ከክሎሪኑ ሁለት ሦስተኛው ያህል ገዳይ በሆነው መልኩ ይገኛል፤ በ7.5 ግማሹ፤ በ8 ሩቡ ብቻ። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውሃው ስለሚያስወጣ የጃኩዚ ፒኤች ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፋል። ባለቤቱ ክሎሪን ጨምሮ ፒኤቹን ካልለካ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ብሮሚን እዚህ ላይ ይበልጣል። ፒኤቹ ወደ 8 ቢጠጋም አብዛኛው ጉልበቱ አብሮት ይቆያል። ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶም መግደሉን አይተውም፤ ክሎሪን ግን ሲዋሃድ ደካማ ሆኖ ዓይን የሚያቃጥለውንና «የክሎሪን ሽታ» የምንለውን ያመጣል። ብሮሚን በዓለም ላይ በብዛት የሚመረተው ከሙት ባሕር ውሃና ከአሜሪካዋ አርካንሳ ግዛት ጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ድካሙ ዋጋው ነው፣ ከፀሐይ የሚከልለው ነገርም የለም። ቤት ውስጥ ወይም ከጥላ ሥር ላለ ገንዳ ጥሩ ምርጫ ነው።

የጨው ዘዴ የሚባለው ሦስተኛ ዓይነት አይደለም። በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው መሣሪያው በኤሌክትሪክ ወደ ክሎሪን ወይም ወደ ብሮሚን ይለውጠዋል። «ኬሚካል የሌለበት» ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ ገዢው አይመነው።

ኦዞን ቆሻሻን በመስበር ይረዳል፤ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። አልትራቫዮሌት መብራት የሚገድለው በፊቱ ያለፈውን ብቻ ነው። በብርና በመዳብ የሚሠሩት የማዕድን ካርትሪጆች የክሎሪንን መጠን ይቀንሳሉ የሚል መለያ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹም በአሜሪካ በዚሁ የተመዘገቡ ናቸው። በሚገባ ለተያዘ፣ ሁለት ሰው ብቻ ለሚጠቀምበት ገንዳ ምናልባት ይበቁ ይሆናል። ብር ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፤ ልጆችና እንግዶች ለሚገቡበት ገንዳ ግን መተማመኛ ሊሆኑ አይገባም።

የትኛውም ቢመረጥ፣ በቧንቧው ውስጥ የሚጋገረው ዝልግልግ ሽፋን ባክቴሪያውን ከክሎሪን ይሸሽገዋል። ስለዚህ ውሃው በየሦስት ወይም አራት ወሩ ይደፋል፤ ከመድፋት በፊትም የቧንቧ ማጽጃ ይዞርበታል። በመመርመሪያ ወረቀት መለካት ደግሞ ከመግባት በፊት እንጂ ከወጡ በኋላ አይደለም።

አቀማመጡ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በአትላንታ አካባቢ፣ ኮንየርስ በሚገኘው የባዮላብ መጋዘን በሴፕቴምበር 29 ቀን 2024 ለመዋኛ የሚሆን ትራይክሎር ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ተቃጠለ። ወደ 17,000 ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ፤ 90,000 የሚያህሉ የአካባቢው (የሮክዴል ካውንቲ) ነዋሪዎች በር ዘግተው እንዲቀመጡ ታዘዙ። በቤት ደረጃም ሕጉ ያው ነው፦ ዕቃው ደረቅ፣ ክዳኑ የተገጠመ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ሁለት ዓይነት ክሎሪን በአንድ ማንኪያ አይነካ፤ በረኪናና የፒኤች መቀነሻ አሲድ በአንድ ባልዲ አይገናኙ። ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በዱቄቱ ላይ አይፈስም። ሊደፋ ያለ ውሃ ክሎሪኑ ወደ ዜሮ እስኪወርድ ክዳኑ ተከፍቶ ጥቂት ቀን ይቆይና ከዚያ ወደ ግቢው ሣር ሊለቀቅ ይችላል፤ የብሮሚንና የጨው ገንዳ ውሃ ግን የከተማው ደንብ በሚፈቅደው መሠረት ወደ ፍሳሽ መስመር ቢሄድ ለተክሉ ይሻላል።