ያልተለመደ የደም ስር አፈጣጠርና የስትሮክ ድንገተኛ ሕክምና

ስትሮክ በአብዛኛው የሚመጣው የረጋ ደም የአንጎልን ደም ስር ሲዘጋ ነው። ለዚህ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በክንድ ደም ስር ይሰጣል። የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የተዘጋው ትልቅ ደም ስር ከሆነ ግን መድኃኒቱ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ያኔ ሐኪሙ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በብሽሽት አስገብቶ እስከ አንጎል ያደርሳል። የረጋውን ደም በሽቦ መረብ ይዞ ያወጣዋል ወይም በቱቦው ይመጠዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጡ 5 ጥናቶች ጥቅሙን አረጋገጡ። የተለመደው የጊዜ ገደብ 6 ሰዓት ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በምስል የተመረጡ ታካሚዎች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይታከማሉ።

ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ከልብ የሚነሳው ዋና ደም ስር ደረት ውስጥ ቀስት ሠርቶ ይታጠፋል። ከቀስቱ በተለምዶ 3 ቅርንጫፎች ይወጣሉ። ቢያንስ ከ10 ሰው በ1ዱ ላይ ግን የግራው የአንገት ደም ስር ወደ ቀኝ ክንድና አንገት ከሚሄደው ግንድ ጋር አንድ መነሻ ይጋራል። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ምንም አይሰማውም። በስትሮክ ቀን ግን ከብሽሽት የመጣው ቱቦ ወደዚህ የግራ ደም ስር ሲገባ በጣም ሹል መታጠፊያ ይገጥመዋል። እየተንሸራተተ ወደ ደረት ይመለሳል። እንዲህ ላለው ሰው በቀኝ እጅ አንጓ መግባት ብዙ ጊዜ ይቀላል።

የእጅ አንጓም ለሁሉም አይሆንም። ከ100 ሰው በ1ዱ ገደማ የቀኝ ክንድ ደም ስር ከቀስቱ መጨረሻ ይነሳና አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ ቧንቧ ጀርባ ዞሮ ያልፋል። በዚያ በኩል የገባ ቱቦ ወደ አንገት ለመታጠፍ ይቸገራል። በዕድሜ የገፉና ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ደግሞ የአንገት ደም ስራቸው ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በጠመዝማዛው የሐረጎ መንገድ የወረደ ሰው ይህን ለመገመት አይቸግረውም። ሌላ መንገድ ሁሉ ሲጠፋ አንገትን በቀጥታ ወግቶ መግባት አለ። ግን የሚፈሰው ደም የአየር ቧንቧን ሊጫን ስለሚችል የመጨረሻ ምርጫ ነው።

በጣም አልፎ አልፎ ደግሞ በፅንስነት ጊዜ መጥፋት የነበረበት ደም ስር ይቀራል። ከፊት በኩል ያለውን የአንጎል ደም ስር ከኋላው ጋር ያገናኛል። ይህን ያላወቀ ሐኪም የተዘጋውን ቦታ በስህተት ሊተረጉም ይችላል።

ይህ ሁሉ ደሴ ላይ ለምን ያሳስባል? ታካሚው ለዚህ ሕክምና ከሚላክበት አዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመኪና ከ6 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚያ ላይ ፊቱ ድንገት የተጣመመን ሰው «ምች መታው» ብሎ ዳማከሴ ማሸት የተለመደ ነው። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው እንጂ እስኪሻለው መጠበቅ አይገባም። ሰዓቱ የሚቆጠረውም ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ነው። ተኝቶ አድሮ እንዲህ ሆኖ ከተነሳ፣ ማታ ስንት ሰዓት ደህና እንደነበር ቤተሰቡ ለሐኪሙ ይንገር።

ለሪፈር ሲቲ ስካን ሲነሳ ጭንቅላት ብቻ ባይነሳ ጥሩ ነው። የደም ስሩ ምስል ከደረት ቀስት ጀምሮ ይነሳ። ከአምቡላንሱ ቀድሞም በስልክ ይላክ። ተቀባዩ ሐኪም በብሽሽት ይግባ ወይስ በእጅ አንጓ የሚለውን ታካሚው ገና መንገድ ላይ ሳለ ይወስናል።