«ካንስል ስላደረግኩት ነው ሰርቨሩ የወደቀው» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ስልኬ ሲጠራ ገና ሳላነሳው የሚባለውን አውቀዋለሁ። «ሰርቨሩ ወድቋል። አንዱ ስቶርድ ፕሮሲጀር ካንስል አድርጎ ነው።» (ስቶርድ ፕሮሲጀር ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠራ የሚሮጥ ፕሮግራም ነው።) ወዲያው ምክር ይከተላል፦ «ለምን ካንስል አታድርጉ የሚል ኢሜይል ለሁሉም አትልክም?» ዳታቤዝ ማስተዳደር እንጀራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ይቺን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠሩንም ትቼዋለሁ። ዛሬ ተናግሬ ይውጣልኝ።

«ካንስል ስጫነው ፕሮሲጀሩ ወዲያው ይቆማል»

አይቆምም። ካንስል ልመና ነው። ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ እንውሰድ። ካንስል ስትል የምትጠቀምበት ፕሮግራም ሌላ አዲስ ኮኔክሽን ይከፍትና ሁለት ነገር ይልካል፦ የፕሮሰሱን (ሰርቨሩ ላይ ኮኔክሽንህን ይዞ የሚሮጠውን ፕሮግራም) ቁጥርና መጀመሪያ ሲገናኙ የተሰጠውን ሚስጥራዊ ቁጥር። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ሰርቨሩ ሥራ ላይ ላለው ፕሮሰስ ሲግኢንት የሚባለውን ሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ አጭር መልእክት) ይልክለታል። ሲግናሉ ደግሞ ሥራውን አያቋርጠውም፣ «አቁም ተብለሃል» የሚል ምልክት አስቀምጦ ይሄዳል። ፕሮሰሱ እየሠራ በየመሃሉ፣ ለማቋረጥ የሚመች ቦታ ሲደርስ ምልክቱን ያያል። ያየ ጊዜ ነው 57014 የሚለውን የስህተት ቁጥር ሰጥቶ የሚወጣው። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይም ኪል ኩዌሪ (ኩዌሪ ለዳታቤዙ የምትሰጠው ጥያቄ ነው) ስትል የሚሆነው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ምልክት ይቀመጣል፣ ሥራው ላይ ያለው ደግሞ ሲመቸው ያያል።

ማንም ምልክቱን የማያይበት ቦታ ላይ ከሆነስ? ለምሳሌ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፈንክሽን ውስጥ ረጅም ሉፕ ላይ? እንግዲህ ካንስሉን እስኪመሽ ተጫነው።

«እንቢ ካለ ኪል ማይነስ 9 ነው መድኃኒቱ»

ይሄኛው ያናድደኛል። ኪል ማይነስ 9 ፕሮሰስን በግድ የሚገድል የሊኑክስ ትዕዛዝ ነው። ፖስትግሬስ ላይ እያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱ ፕሮሰስ አለው፣ ሁሉም ግን አንድ የጋራ ሜሞሪ ይጠቀማሉ። አንዱን በ9 ስትገድለው ምንም ነገር የማስተካከል ዕድል ሳያገኝ ይሞታል። የጋራውን ሜሞሪ እየጻፈ መሃል ላይ ይሁን አይሁን ዋናው ፕሮሰስ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የሚያደርገው ትክክለኛውን ነገር ነው፦ የቀሩትን ኮኔክሽኖች በሙሉ ያባርራል፣ የጋራውን ሜሞሪ እንደ አዲስ ያዘጋጃል፣ ከዋል ሎጉ (ለውጥ ሁሉ አስቀድሞ የሚጻፍበት መዝገብ) ሪከቨሪ ሠርቶ፣ ማለትም ዳታውን አስተካክሎ፣ እንደገና ይነሳል። አንድ ሰው ነው የገደልኩት ትላለህ፣ ግን ቤቱን ሙሉ ነው ያስወጣኸው።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ «እኔ ምንም አልነካሁም፣ ካንስል ብቻ ነው ያደረግኩት» ብሎ ማለልኝ። ሎጉ ላይ (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል) በግልጽ ሲግናል 9 ይላል። የተርሚናሉን ሂስትሪ አብረን ከፈትን። ኪል ማይነስ 9 ተቀምጣለች፣ ያውም በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስሠራው ሱዶ ተጨምሮባት። «ያው ካንስል ማለት አይደል?» አለኝ። አይደለም ወንድሜ። ፒጂ ካንስል ባክኤንድ የሚባል ፈንክሽን አለ፣ እሱ ኩዌሪውን ብቻ ያቋርጣል። አልበቃ ካለህ ፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ አለ፣ እሱ ኮኔክሽኑን በሥርዓት ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔን ጠይቀኝ።

እርግጥ ማንም ሳይነካው 9 የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ሜሞሪ ሲያልቅ ሊኑክስ ራሱ አንዱን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል። ይሄ ከካንስል ጋር የሚምታታው ለምን መሰለህ? ሜሞሪ የሚበላው ያው ከባዱ ሪፖርት ነው፣ ሰውም መጠበቅ ሰልችቶት ካንስል የሚለው ያንኑ ከባድ ሪፖርት ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይገናኙና ካንስሉ ይወቀሳል። ዲሜሴጅ የሚለውን ትዕዛዝ ብታይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ከነፕሮሰሱ ቁጥር ታገኛለህ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን የሚያየው የለም።

«የእኔ ኩዌሪ ላይ ነው ስህተቱ የመጣው፣ ስለዚህ ጥፋተኛው የእኔ ኩዌሪ ነው»

አንዱ ፕሮሰስ ሲወድቅ ሁሉም ኮኔክሽን መልእክት ይደርሰዋል። «ሌላ ፕሮሰስ ስለወደቀ ኮኔክሽንህ ተዘግቷል» ነው የሚለው። ሌላ የምትለዋን ቃል አንብባት።

«ካንስል ነው ሰርቨሩን የጣለው»

አሁን ወደ ዋናው በሽታ ደረስን።

ጤነኛ ሰርቨር በካንስል አይወድቅም። ካንስል በየቀኑ፣ በየሰዓቱ የሚሆን ነገር ነው። ካንስል ሲደረግ የሚወድቅ ሰርቨር ካለህ፣ ካንስሉ ያደረገው ሌላ ጊዜ ማንም የማይሄድበትን መንገድ መክፈት ነው። ፕሮሲጀር በሰላም ሲጨርስ የሚያልፍበት ኮድ በቀን ሺህ ጊዜ ይፈተናል። መሃል ላይ ሲቋረጥ የሚያልፍበት ግን፣ ከርሰር (የኩዌሪ ውጤት ማንበቢያ) የሚዘጋበት፣ ሜሞሪ የሚለቀቅበት፣ ሎክ (ሌላው እንዳይነካው ዳታው ላይ የተደረገ ቁልፍ) የሚመለስበት ኮድ፣ የጻፈው ሰውም አንድ ጊዜ ሞክሮት ከሆነ ጥሩ ነው። ጉድጓዱ ያለው እዚያ ነው።

የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ቦታ የሪፖርት ፕሮሲጀር አለ፣ ፖስትግሬስ ላይ። ካንስል በተደረገ ቁጥር ሰርቨሩ ይወድቃል ተባለ። እኔ ስደርስ ጭራሽ ካንስል የምትለውን ቁልፍ ከስክሪኑ ላይ አጥፍተዋታል! ሰውም ሲሰለቸው ፕሮግራሙን ዘግቶ እንደገና ይከፍታል፣ ሪፖርቱ ግን ከኋላ እየሮጠ ነው። ስለዚህ አሁን አንድ ሰው አራት ሪፖርት በአንድ ጊዜ ያስሮጣል ማለት ነው። መፍትሔ ተብሎ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት «ሲግናሉ ስንት ነው?» ነው። ማንም አላየም። አየሁት፣ 11 ነው። ይሄ ብቻውን ብዙ ይናገራል። 9 ከሆነ ከውጭ የተገደለ ነው። 6 ከሆነ ሰርቨሩ ራሱ «ከዚህ በኋላ መቀጠል አልችልም» ብሎ ያቆመ ነው፣ ለምሳሌ የዋል ሎጉ ዲስክ ሞልቶበት ፓኒክ ሲል። 11 ግን ኮዱ የራሱ ያልሆነ የሜሞሪ አድራሻ ነክቷል ማለት ነው። ማለትም ባግ።

ቀጥሎ ሎጉ ላይ ሁለት መስመር ጎን ለጎን አደረግኩ። ካንስል የተደረገበት መስመርና የወደቀበት መስመር። የፕሮሰሱ ቁጥር አንድ ነው። ሰዓቱ ግን አንድ አይደለም፣ መሃላቸው ወደ 40 ሰከንድ አለ። ይሄ ፕሮሰስ ካንስል ከተደረገ በኋላ 40 ሰከንድ በሰላም ኖሯል! እንዲያውም ኮኔክሽን ፑል (ጥቂት ኮኔክሽን ብዙ ሰው እየተቀባበለ የሚጠቀምበት አሠራር) ስለነበር በመሃል የሌላ ሰው ኩዌሪ ሁለት ሦስት ሠርቷል። ከዚያ ሌላ ተጠቃሚ ያንኑ ሪፖርት ሲጠራ ወደቀ። ሁሉም ሰው «ካንስል ሲደረግ ነው» ያለው፣ ሰዓቱን ስላላየ ነው። ሎግህ ላይ የፕሮሰስ ቁጥር ከሌለ ዛሬውኑ አስገባ፣ ያለሱ ይሄን ጉዳይ ዘላለም አልፈታውም ነበር።

ከዚያ ኮር ፋይል (ፕሮሰሱ ሲወድቅ ሜሞሪው ላይ የነበረው ቅጂ) እንዲጽፍ አደረግኩት። ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው) ላይ ሊሚትኮር የሚለውን ኢንፊኒቲ ብለህ ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ሲወድቅ ኮሩን ጂዲቢ በሚባለው የባግ መፈለጊያ ከፈትኩና ባክትሬስ አልኩት፣ ማለትም ሲወድቅ የትኛው ኮድ ላይ እንደነበር አሳየኝ። ከላይ የተቀመጠው መስመር የፖስትግሬስ ኮድ አይደለም። ከዓመታት በፊት ቤት ውስጥ በሲ የተጻፈ፣ ጽሑፍ የሚያጸዳ ትንሽ ፈንክሽን ነው። ፕሮሲጀሩ በውስጡ ይጠራዋል። መኖሩን የሚያስታውስ አልነበረም።

ፈንክሽኑ ሲጠራ ከፖስትግሬስ ሜሞሪ ይወስድና አድራሻውን ስታቲክ ቫሪያብል (ፈንክሽኑ ከወጣም በኋላ የማይጠፋ ማስቀመጫ) ላይ ያስቀምጣል። ውስጡ አንድ ኩዌሪ ያስኬዳል። ሲጨርስ ቫሪያብሉን ባዶ ያደርገዋል። በሰላም ሲያልቅ ምንም ችግር የለም። ካንስል ሲመጣ ግን ፖስትግሬስ ካለበት ዘሎ በቀጥታ ስህተት ወደሚስተናገድበት ቦታ ይሄዳል። «ባዶ አድርግ» የምትለው መስመር ጋ ማንም አይደርስም። የኩዌሪው ሜሞሪ ይለቀቃል፣ አድራሻው ግን ቫሪያብሉ ላይ ቀርቷል። ቤቱ ፈርሶ ቁልፉ ኪስ ውስጥ እንደቀረ ማለት ነው። ያው ፕሮሰስ ሁለተኛ ሲጠራ «ቁልፍ አለኝ» ብሎ ይሄዳል። አንዳንዴ ቦታው ላይ ሌላ ነገር ስላለ ሳይወድቅ ያልፋል (ይሄ እንዲያውም የባሰ ነው፣ የማን ዳታ እንዳነበበ አታውቅም)፣ አንዳንዴ ይወድቃል።

ይሄን ካገኘሁ በኋላ ሰዎቹን ሰብስቤ በመሞከሪያው ማሽን ላይ አሳየኋቸው። ካንስል የሚባል ነገር አልነካሁም። ፕሮሲጀሩ መሃል ላይ ቁጥር በዜሮ እንዲያካፍል አድርጌ ጠራሁት። ስህተት ሰጠ። ደግሜ ጠራሁት። ወደቀ። ዝም ተባለ። ማንኛውም ስህተት፣ ዴድሎክም (ሁለት ሥራዎች አንዱ የሌላውን ሎክ ሲጠብቁ መቆላለፍ) ቢሆን፣ ያንኑ ያደርግ ነበር፤ ካንስል ብቻ ነበር እዚያ ቤት አዘውትሮ የሚመጣው። ማስተካከያው ጥቂት መስመር ነበር፣ በስህተትም ሲወጣ አድራሻው እንዲጠፋ ማድረግ። የካንስል ቁልፏ ወደ ስክሪኑ እስክትመለስ ግን ስብሰባ አስፈልጓል።

እግረ መንገዴን፣ በጂዲቢ የምትሞክሩ ተጠንቀቁ። ጂዲቢ ሲግኢንትን ለራሱ ነው የሚይዘው፣ ለፕሮሰሱ አያሳልፍለትም። የፖስትግሬስ ካንስል ደግሞ ሲግኢንት ነው። ስለዚህ ካንስሉን ትልካለህ፣ ጂዲቢ ይውጠዋል፣ «እኔ ጋ አይወድቅም» ትላለህ። ግማሽ ቀን በልቶብኛል። ሃንድል ሲግኢንት ኖስቶፕ ፓስ በለው መጀመሪያ። ችግሩን ደጋግሞ ለማምጣት ደግሞ በእጅ ካንስል መጫን አያስፈልግም። ስቴትመንት ታይምአውትን (ኩዌሪ ከዚህ በላይ ከቆየ ይቋረጥ የሚለውን ገደብ) 5 ሚሊሰከንድ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 20 እያልክ ፕሮሲጀሩን በአንድ ኮኔክሽን ሉፕ ውስጥ ጥራው። ታይምአውቱ የሚወጣው በዚያው በካንስሉ መንገድ ነው፣ 57014ም ይሰጥሃል። ይሄ ሁሉ በመሞከሪያ ማሽን ነው። ይሄን መጻፍ አለብኝ? አዎ፣ አለብኝ።

«ካንስል ካደረግኩት ምንም እንዳልተሠራ ይሆናል»

እንደ ሁኔታው ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ) ላይ ፕሮሲጀሩ ትራንዛክሽን (አብሮ የሚጸድቅ ወይም አብሮ የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) ከፍቶ ከነበረና ኤክስአክት አቦርት፣ ማለትም ሲቋረጥ ትራንዛክሽኑን ሰርዝ የሚለው ማስተካከያ፣ ካልበራ፣ ካንስሉ ሥራውን ያቆምና ትራንዛክሽኑን ክፍት ትቶት ይሄዳል። ሎኮቹ እንደተያዙ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ይሰለፋል፣ ከዚያ «ሰርቨሩ ወደቀ» ይባላል። አልወደቀም፣ ሎክ እየጠበቀ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ካንስሉን ያደረገው ሰው አለመሆኑ ነው፤ ፕሮግራምህ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርበት የአዶ ዶት ኔት የኩዌሪ ታይምአውት ሳይነካ ከቆየ 30 ሰከንድ ነው፣ ሲሞላ ካንስሉን ራሱ ይልካል። ሰርቨሩ ታይምአውት አደረገኝ ትላለህ፣ ያደረገህ የራስህ ፕሮግራም ነው። ፖስትግሬስ ላይ ደግሞ በ2018 ከወጣው ከ11ኛው ቨርዥን ጀምሮ ፕሮሲጀር በውስጡ ኮሚት ማድረግ (የሠራውን ማጽደቅ) ይችላል። ኮሚት የተደረገው በካንስል አይመለስም።

«ትራይ ካች ስላለኝ ካንስልም ቢመጣ ማጽጃ ኮዴ ይሠራል»

አይሠራም። ትራይ ካች ስህተት ሲመጣ ይዞ ሌላ ኮድ የሚያስኬድ አጻጻፍ ነው፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ግን ካንስል በካች አይያዝም። ፖስትግሬስ ላይም «ሌላውን ስህተት ሁሉ ያዝ» የሚለው ዌን አዘርስ ካንስልን ሆን ብሎ ያልፈዋል። በስሙ ጠርተህ መያዝ ትችላለህ፣ ከያዝከው በኋላ ግን የማይቆም ፕሮሲጀር ስለሠራህ እኔ ጋ አትምጣ።

«ሮልባኩ ስለዘገየ ሰርቨሩን ሪስታርት እናድርገው»

ሦስት ሰዓት የሮጠን አፕዴት ካንስል አድርገህ በሦስት ሰከንድ እንዲመለስ ትጠብቃለህ። የተጻፈው ሁሉ ወደነበረበት መመለስ አለበት፣ ሮልባክ ማለት ይሄ ነው፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ሮልባክ በአንድ ትሬድ (በአንድ ሠራተኛ እንደማለት) ስለሚሠራ ከሥራው ሊረዝምም ይችላል። ሪስታርት ስታደርገው ሥራው አይጠፋም፣ ሲነሳ ከሪከቨሪ ጋር ይቀጥላል፣ ያውም ዳታቤዙ ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል። ከ2019 ቨርዥን ጀምሮ ያለውን የተፋጠነ ሪከቨሪ ካበራህ ሮልባኩ አፍታም አይቆይም፣ እሱን ግን ከችግሩ በፊት ነው ማብራት። ካልሆነ ኪል ዊዝ ስታተስኦንሊ ብለህ የት እንደደረሰ እያየህ ጠብቅ። ዜሮ ፐርሰንት ላይ ተገትሮ ከቀረ ምናልባት ፕሮሲጀሩ ከዳታቤዙ ውጭ ፕሮግራም የሚያስነሳውን ኤክስፒ ሲኤምዲሼል ጠርቶ ውጭ ያለ ፕሮግራም እየጠበቀ ይሆናል፣ ያንን ፕሮግራም ፈልገህ ዝጋው።

ስትደውሉልኝ ሲግናሉን፣ የፕሮሰሱን ቁጥርና ሁለቱን ሰዓት ይዛችሁ ደውሉ።