«ደህና ሰው ምን ይታከማል?» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ዘጠኝ ዓመት ሐዋሳ ውስጥ የውስጥ ደዌ ሕክምና አስተምሬያለሁ። ጠዋት ከተማሪዎች ጋር ራውንድ፣ ከሰዓት ተመላላሽ ክፍል። አምና ለቀቅኩ። አሁን ከሁለት ነርሶችና ከአንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ጋር አንድ ትንሽ የጤና ድርጅት አለችኝ። ሰው የሚሠራበት ቦታ ድረስ እንሄዳለን፣ ደም ግፊትና ስኳር እንለካለን፣ ከዚያ እየደወልን እንከታተላለን። ከለቀቅኩ ወዲህ ግን «ለምን ወጣህ? ደህና ሰው ምን ይታከማል?» ለሚሉኝ ተመሳሳይ ነገር ስመልስ ሰለቸኝ። እዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

«ብር አይቶ ነው የወጣው»

ብር አልጠላም። ብር ብቻ ብፈልግ ግን ማታ ማታ የግል ክሊኒክ ብሠራ ይቀለኝ ነበር። የታመመ ሰው ተበድሮም ይከፍላል፤ ያልታመመ ሰው ኪሱን አይነካም። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት የነርሶቹን ደመወዝ የከፈልኩት ከቁጠባዬ ነው። እናቴ እስካሁን ለጎረቤት «ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው» ትላለች።

የወጣሁት በሌላ ነገር ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ዋርድ ሲገባ ተማሪዎቼ ታሪኩን ከቤተሰቡ ይጠይቃሉ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ከዓመታት በፊት ደም ግፊት አለብህ ተብሏል። ክኒን ጀምሯል። «ተሻለኝ» ብሎ ትቶታል። ለምን ቀረህ ብሎ የደወለለት የለም። እኔም አልደወልኩም። የእኔ ሥራ የሚጀምረው እሱ አልጋ ላይ ከተኛ በኋላ ነበር።

«ማስተማር ተወ»

አልተውኩም፤ ተማሪዎቼ ናቸው የተቀየሩት። የሕክምና ተማሪ ፈተና ስላለበት ባይገባውም ይሰማል። የባጃጅ ሹፌር ካልገባው ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል።

«ደም ብዛቴ ሲነሳ ራሴ አውቀዋለሁ»

ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚሸጡ አንድ ጋሼ አሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከበዋቸው፣ እሳቸው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲገፍፉ ቢላዋቸው አያርፍም። አንድ ቀን ለመንናቸው ተለኩ፤ 172 በ104።

«ዶክተር፣ የእኔ ሲነሳማ ማጅራቴን ጨምድዶ ነው የሚይዘኝ። ያኔ ክኒኗን ዋጥ አደርጋለሁ።»

«አሁንስ ጋሼ?»

«አሁን ደህና ነኝ። ምን ሆኜ ልዋጥ?»

እውነቱን ለመናገር ከሐኪሞችም ዘመዶች ይህንኑ ሰምቻለሁ። ስሙም ያሳስታል። ደም አልበዛም፤ የበዛው ደሙ በደም ስሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ነው። ነስር ሲነስራቸው «ብዛቱ ወጣልኝ» ብለው የሚደሰቱ ሰዎች አሉ። ግፊቱ እዚያው ነው።

ከፍ ያለ ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። ማጅራት የሚይዘው ትራስም፣ ሐሳብም፣ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ዓሣ መግፈፍም ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ግን ድምፁን አጥፍቶ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። ክኒኑ እንደ ራስ ምታት መድኃኒት ሲያም የሚዋጥ አይደለም፤ በየቀኑ ነው። የላይኛው ቁጥር 128 ሲሆን «ዳንኩ» ብሎ ማቆምም ስህተት ነው፤ ዝቅ ያለው ክኒኑ ስለያዘው ነው። ነጭ ሽንኩርት ይብሉ፣ ሽፈራውም ይጠጡ፤ በክኒኑ ቦታ ግን አይተኩት።

የዚህ ግልባጭም አለ። አንድ ጊዜ ተለክቶ 150 ስላለ ብቻ የተደናገጠ ሰው። ክሊኒክ ውስጥ በተለያዩ ቀናት ሲለካ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነው አብዛኛውን ጊዜ ደም ግፊት አለ የምንለው። አለካኩም ወግ አለው። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባን ማስደገፍ፣ እግርን አለማጣመር፣ እጅን በልብ ልክ ማሳረፍ። ከመለካት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ የለም። ወፍራም ሹራብ ላይ የተለካ ልኬት ላይ አልፈርምም። ጋሼም በሁለተኛ ቀን እንደገና መለካት ነበረባቸው። ሁለት ጊዜ ቀጠርናቸው፣ ሁለት ጊዜ ቡና ጠጥተው መጡ።

«ስኳር? እኔ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው»

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከሻይ ማንኪያ አይመጣም። ዘር አለበት፣ ክብደት አለበት፣ ተቀምጦ መዋል አለበት። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር። ለአንደኛው ቡድን የተሰጠው ግብ የሰውነት ክብደትን 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። 150 ደቂቃ ማለት በፍቅር ሐይቅ ዳር በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። የመጀመሪያው ቡድን ሰዎች ግን ምክር ተነግሯቸው ወደ ቤት አልተላኩም። እያንዳንዳቸው የሚከታተላቸው፣ የት ደረስክ የሚላቸው ሰው ነበራቸው። ይህን ክፍል ሰው ሁልጊዜ ይዘለዋል።

«ሙሉ ቼክአፕ ካደረግኩ ነፃ ነኝ»

እዚህ ላይ ቢዝነሴን ራሴ እጎዳለሁ። ሠራተኞቹን እንድንመረምርለት የጠየቀን አንድ ሥራ አስኪያጅ «ፓኬጁ ውስጥ ሁሉም ይግባበት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለኝ። አልትራሳውንድ፣ የካንሰር የደም ምርመራ፣ ኤምአርአይ። ሒሳብ ሠራተኛዬ ዓይኗ በራ። እምቢ አልኩ።

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሰዎች ለሌላ ምርመራ ሲሄዱ ትንሽ ጨምረው አንገት ላይ ያለውን ሆርሞን አመንጪ ዕጢ፣ የታይሮይድን፣ አልትራሳውንድ ይነሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታይሮይድ ካንሰር የተባለባቸው ሰዎች መጠን ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆነ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ግን አልቀነሰም። ብዙዎቹ ዕጢያቸው ወጥቶ ዕድሜ ልካቸውን ሆርሞን ይውጣሉ፤ ሳይነካ ቢቀር ምንም ላያደርጋቸው ይችል በነበረ ነገር።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ድካም ተሰምቶት ላብራቶሪ ገብቶ ታይፎይድ ያልተባለ ሰው በሰፈራችሁ ካለ አስተዋውቁኝ። ዊዳል የሚባለው ምርመራ ድሮ በያዘን በሽታ ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም። ሰው ግን ወረቀቱን ይዞ አንቲባዮቲክ ይገዛል።

ርካሹ ምርመራ ደግሞ ተረስቷል። የማህፀን በር ካንሰር ከመምጣቱ በፊት ያለው ለውጥ በአሴቲክ አሲድ ይታያል፤ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው። ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፣ በዓይን ይታያል። አገር አቀፍ መርሐ ግብሩ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ሲጠራ ቆይቷል። የሥራ አስኪያጁ ሠራተኞች በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ያቀረብኩለት ይህንን ነው። «ይሄማ ጤና ጣቢያም አለ» አለኝ። አዎ፣ አለ። የሚሄድ ነው የጠፋው።

«መከላከል የመንግሥት ሥራ ነው»

ትልቁን ሥራ የሠራው እሱ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት ያደረሰውን እኔ በሕልሜም አላደርሰውም። ግን በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠራ ሰው ማልዶ ይወጣል፣ ማታ ደክሞት ይገባል። ቤት ለቤት የሚመጣው ባለሙያ አያገኘውም። እኛ የምንገባው እዚያ ክፍተት ላይ ነው። ታሞ ያገኘነውን ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን፤ መሄዱንም እንጠይቃለን።

ጋሼን ዛሬ ማታ ነርሷ ደውላላቸዋለች። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ጀልባዎቹ ሳይገቡ፣ ቡና ሳይፈላ ተቀጥረዋል። «የመጀመሪያዋን ስኒ ብቻ ብቀምስስ?» ብለዋታል።