«ኬሚካል ገብቶበታል፣ ብርድ አይነካውም» ለምትሉኝ

እዚህ ሚኒሶታ የኮንክሪት ሥራ ላይ ነኝ። ኅዳር በገባ ቁጥር የአገሬ ልጆች ያችኑ ነገር ይነግሩኛል፦ «ኬሚካል አስጨምረናል፣ መሸፈን አያስፈልገውም»። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል።

በብርድ ጊዜ የሚጨመረው አክስለሬተር ይባላል። የተለመደው ካልሲየም ክሎራይድ ነው። ሥራው ሲሚንቶና ውሃ ቶሎ እንዲያያዙ ማፋጠን ብቻ ነው። መኪና ላይ እንደምንጨምረው አንቲፍሪዝ አይደለም! ከሲሚንቶው ክብደት ቢበዛ 2 በመቶ ነው የሚጨመረው፤ በዚህ መጠን ውሃውን በረዶ ከመሆን አያድነውም። ውሃ በረዶ ሲሆን ደግሞ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ገና ያልጠናውን ኮንክሪት ከውስጥ ይሰነጣጥቀዋል። በኋላ ብታሞቁት ጉልበቱ አይመለስም፤ ግማሹን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጥንካሬው ቢያንስ 500 ፒኤስአይ (የጥንካሬ መለኪያ ነው) እስኪደርስ ብርድ አይንካው። 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከቆየ አንድ ሁለት ቀን ነው። ኬሚካሉ ይህን ጊዜ ያሳጥረዋል እንጂ ኮንክሪቱ የሚሸፈንበትን ብርድ ልብስ አይተካም።

አንድ ወዳጄ የጋራዡን ወለል አስሞላ። ሠራተኞቹ ኬሚካሉን ጨምረው፣ አስተካክለው፣ ሳይሸፍኑ ሄዱ። ሌሊቱን ከዜሮ በታች ወረደ። በሚያዝያ ጠራኝና ሳየው ላዩ እንደ ቅርፊት ይላጣል፣ ጠርዙ በጣት ይፈረፈራል። አስፈርሶ እንደገና አስሞላው። ያን ቀን የኮንክሪት ብርድ ልብስ ተከራይተው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ወጪ አይመጣም ነበር።

«እንግዲያው መጠኑን እንጨምር» የሚሉም አሉ። አይሆንም። ገና ሳታስተካክሉት ይይዝባችኋል፣ ይሰነጠቃል። ፌሮ ካለበት ደግሞ ክሎራይዱ ብረቱን ያዝገዋል፤ ክሎራይድ የሌለበትን ዓይነት ጠይቁ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም።

«ዜሮ ካልገባ ችግር የለም» ለሚሉም፦ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት ከ40 ነው።

«ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲደርቅ ነው»፦ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ሲዋሃድ ነው።

«ሙቅ ውሃ ይበቃል»፦ ይረዳል። መሬቱ በረዶ ከሆነ ግን ሙቀቱን ይውጠዋል፤ መጀመሪያ መሬቱን አቅልጡት።

ማሞቂያ የምታስገቡም ጭሱን ወደ ውጭ አስወጡት። ጭሱ የኮንክሪቱን ላይ ዱቄት ያደርገዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውስጥ የሚሠራ ሰው አለ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።