የቁጥጥር ስፋት ምንድን ነው? በእሳት አደጋ አገልግሎት አመራር ውስጥ ያለው ቦታ

የቁጥጥር ስፋት ማለት አንድ ኃላፊ በቀጥታ የሚያዛቸውና በቀጥታ ለእርሱ ሪፖርት የሚያደርጉለት ሰዎች ቁጥር ነው። በሥሩ 200 ሠራተኞች ያሉት ኃላፊ የቁጥጥር ስፋቱ 200 አይደለም፤ ከእነዚህ መካከል ትእዛዝ ከእርሱ አፍ የሚቀበሉት፣ ችግር ሲገጥማቸውም መጀመሪያ ወደ እርሱ የሚመጡት 6 ከሆኑ ስፋቱ 6 ነው። በድንገተኛ አደጋ ሥራ የሚመከረው ከ3 እስከ 7 ሲሆን ተመራጩ 5 ነው። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ከመዋቅር ጥናት ወረቀት የወጣ ደረቅ ነገር ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን ለአንድ የእሳት አደጋ አገልግሎት ኃላፊ ከሚያስፈልጉት የአመራር ችሎታዎች ሁሉ ቀድሞ መማር ያለበት ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን በአዳማ እንመልከተው። አዳማ ነፋስ የማያጣት ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉትም ለዚሁ ነው። ነፋሱ መብራት እንደሚሰጥ ሁሉ፣ አንድ ቦታ የተነሣን እሳት ከቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያ ለማሻገርም ጊዜ አይፈጅበትም። እንበልና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ ግድግዳ የሚጋሩ የፍራሽና የእንጨት ሥራ ሱቆች በተደረደሩበት ሰፈር እሳት ተነሣ። የመጀመሪያው መኪና ደርሶ የፈረቃው አዛዥ ከጋቢናው ሲወርድ፣ አንድ አባት ክንዱን ይዘው «ልጄ እዚያ ውስጥ ነው የሚያድረው» ይሉታል። የፓምፕ ሠራተኛው ከኋላ «አለቃ፣ ውሃው አሥር ደቂቃ አይቆይም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ 5,000 ሊትር የያዘ መኪና በደቂቃ 500 ሊትር ቢረጭ በ10 ደቂቃ ውስጥ ባዶውን ይቀራል። ሁለት የቱቦ ቡድኖች በየትኛው በኩል እንደሚገቡ ይጠይቃሉ። መሰላል የያዙት ጣሪያውን ለመክፈት ፈቃድ ይጠብቃሉ። የውሃ ቦቴው ሹፌር የት እንደሚያቆም አላወቀም፤ መስመሩን የሚያቋርጠው የመብራት ባለሙያ፣ መንገድ የሚዘጋው ትራፊክ ፖሊስ፣ የአምቡላንስ ሠራተኛው፣ የቀበሌው ተወካይ፣ እንዲሁም በባልዲ ሊያግዙ የመጡትን ወጣቶች የሚያስተባብረው ልጅ፣ ሁሉም እርሱን ይፈልጋሉ። ከ10 በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ላይ ተንጠለጠሉ ማለት ነው።

አዛዡ ጎበዝ ቢሆንም ሁሉንም ለመመለስ ሲሞክር እሳቱን ማየት ያቆማል። ጭሱ ከነጭ ወደ ጥቁር መቀየሩን፣ ነፋሱ መዞሩን፣ ጣሪያው መስመጥ መጀመሩን ልብ የሚል ሰው አይኖርም፤ ይህን እንዲያይ የተቀመጠው አዛዥ ስለ ቦቴው ማቆሚያ እያወራ ነው። የቁጥጥር ስፋትን የተማረ አዛዥ ግን ያንኑ ሥራ ለአምስት ሰዎች ያካፍላል፦ አንዱ ሁለቱን የቱቦ ቡድኖችና መሰላሉን ይመራል፤ አንዱ ፍለጋና ማዳኑን ይይዛል፤ አንዱ ፓምፑን፣ ቦቴውንና ውሃ የሚቀዳበትን ቦታ ይረከባል፤ አንዱ ከፖሊስ፣ ከመብራት ኃይል፣ ከአምቡላንስና ከቀበሌ ጋር ይነጋገራል፤ አምስተኛው ምንም ነገር ሳይሸከም ነፋሱንና ሕንፃውን እየተመለከተ የሠራተኞቹን ደኅንነት ይጠብቃል። የሰዎቹም የሥራውም ብዛት አልተቀነሰም፤ ወደ አዛዡ ጆሮ የሚደርሰው ድምፅ ግን አምስት ሆኗል።

አምስት የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? በጋሊፖሊ ዘመቻ የብሪታንያን ጦር የመሩት ጄኔራል ኢያን ሃሚልተን፣ የአንድ ሰው አእምሮ በአግባቡ ሊመራ የሚችለው ከሦስት እስከ ስድስት የሚደርሱ ሌሎች አእምሮዎችን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1921 ጽፈው ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1933 ግራይቹናስ የተባለ የሊትዌኒያ ዝርያ ያለው የሥራ አመራር አማካሪ ነገሩን በሒሳብ አሳየ። ኃላፊው የሚከታተለው እያንዳንዱን ሰው ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ያላቸውን ግንኙነትና በቡድን ሆነው ከእርሱ ጋር የሚኖራቸውንም ጭምር ነው። በዚህ ስሌት 3 ሰዎችን የሚመራ 18 ግንኙነቶች አሉበት፤ 4 ሲሆኑ 44፣ 5 ሲሆኑ 100፣ 6 ሲሆኑ 222፣ 7 ሲሆኑ 490 ይደርሳሉ። እያንዳንዱ ግንኙነት በየሰዓቱ ይነሣል ማለት ባይሆንም፣ አንድ ሰው ሲጨመር ሸክሙ በአንድ ሰው ብቻ እንደማያድግ ስሌቱ በግልጽ ያሳያል።

ሐሳቡ ወደ እሳት አደጋ ሥራ በጽኑ የገባው ግን በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 መጸው በካሊፎርኒያ በ13 ቀናት ውስጥ በተነሡ የሰደድ እሳቶች 16 ሰዎች ሞቱ፤ 700 የሚያህሉ ሕንፃዎችም ወደሙ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ ከታዩት ድክመቶች አንዱ ብዙ ሰው ለአንድ ኃላፊ ሪፖርት ማድረጉ ነበር፤ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የሬዲዮና የቃላት አለመግባባትም ተጨምሮበታል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የአደጋ ሥፍራ ዕዝ ሥርዓት ከዚህ ተወለደ፤ ከ3 እስከ 7 የሚለውም መለኪያ አብሮት ተስፋፋ።

መለኪያው ግን እንደ ድንጋይ የጸና አይደለም። ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፣ ልምድ ያላቸውና በዓይን የሚታዩ ከሆነ ሰባት ይቻላል። በጭስ ውስጥ የተበታተኑ፣ አዲስ የተቀጠሩ ወይም ነዳጅ የጫነ ቦቴ በተገለበጠበት መንገድ ላይ የሚሠሩ ከሆነ ሦስትም ሊበዛ ይችላል፤ የጅቡቲ መስመር በሚያልፍበት ከተማ ይህ ሩቅ ምሳሌ አይደለም። በተቃራኒው ስፋቱ ያለ አግባብ ሲጠብ፣ በየሁለት ሰው ላይ አንድ አለቃ ይሾምና መልእክቱ ከግንባር እስከ አዛዡ ድረስ በብዙ አፍ ሲያልፍ መልኩን ይቀይራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መዋቅሩን መሳል ሳይሆን ማክበር ነው። የፈረቃው አዛዥ ሥራውን ካከፋፈለ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ቦታው ላይ ይደርሳል። ልቡ ተጨንቋል፤ ሊያግዝ ይፈልጋል። ቱቦ የያዘውን ልጅ ጠርቶ «በዚያ በኩል ዙር» ይለዋል። ልጁ የመጣው የበላይ አለቃው ነውና፣ በእኛ ባህል ለትልቅ ሰው «ቡድን መሪዬን ልጠይቅ» ብሎ መመለስ ድፍረት ስለሚመስለው፣ ዝም ብሎ ይዞራል። ቡድን መሪው ግን ልጁ አሁንም በቀድሞው ቦታ እንዳለ ያስባል። የበላይ ኃላፊው ማድረግ ያለበት ከሁለት አንዱን ነው፦ ወይ ከፈረቃው አዛዥ የሁኔታውን ገለጻ ሰምቶ ዕዙን መረከቡን በሬዲዮ ለሁሉም ማሳወቅ፣ አለበለዚያ ዕዙን ለእርሱ ትቶ የሚያስፈልገውን ማቅረብ፤ ተጨማሪ ቦቴ መጠየቅ፣ ከከንቲባው የሚመጣውን ስልክ መመለስ። በመሐል ቆሞ ማዘዝ የሚባል ሦስተኛ መንገድ የለም።

ይህ ልማድ በቃጠሎ ቦታ ሳይሆን በቢሮ ውስጥ ይፈጠራል። የነዳጅ ኩፖኑን፣ የዓመት ፈቃዱን፣ የጎማ ግዢውን፣ የፈረቃ ቅያሪውን ሁሉ ራሱ ካልፈረመ እንቅልፍ የማይወስደው ኃላፊ፣ በሩ ላይ ሰልፍ ለምዶ የኖረ ነውና፣ ሌሊት ላይ በድንገት ሥልጣን ማካፈል አይችልበትም። ቡድን መሪዎቹም መወሰን አልለመዱም፤ ስለዚህ እንዲወስኑ ቢነገራቸውም ዞረው ወደ እርሱ ያያሉ። በሰላሙ ቀን የጎማውን ጉዳይ ለጥገና ኃላፊው፣ የፈረቃውን ለፈረቃ መሪው ትቶ፣ ስህተት ሲፈጠር ከተጠያቂነት ሳይሸሽ አብሮ ማረም ለሌሊቱ ሥራ ልምምድ ነው።

የሥርዓቱ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ነፋሱ ዞሮ «ሁላችሁም ውጡ» የሚል ትእዛዝ በሚሰጥበት ጊዜ ነው። አዛዡ በዚያ ትርምስ ውስጥ 20 ሰዎችን በስም እየጠራ መፈለግ አይጠበቅበትም፤ አምስቱን መሪዎች በተራ ይጠራል፤ እያንዳንዱም የራሱን ሰዎች ፊት እያየ ይቆጥራል። ከዚያ በሬዲዮው ከየቡድኑ የሚጠበቀው መልስ አጭር ነው፦ «ፍለጋና ማዳን፣ አራት ነበርን፣ አራታችንም ወጥተናል።»